ሕመምን መደበቅ ትዕግሥት ነውን?



በከተማችን በድሬዳዋ «እንዴት ሰነበቱ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። መልሱ መልካም ነው፤ የአባቶቻችንን እምነት የሚገልጽ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ የምስጋና ቃል ሥር ብዙ ጊዜ ያልተነገረ ጭንቀት ተሸፍኖ ያድራል። እንበልና፣ በከፊራ ገበያ ቅመም እየሸጡ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ አንዲት እናት አሉ። ከብዙ ወራት ጀምሮ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ግድግዳ ይደገፋሉ። የግራ ክንዳቸውም ከትከሻቸው እስከ ጣታቸው ድረስ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛቸዋል። ልጆቻቸው አያውቁም። ባለቤታቸው በጥቂቱ ያውቃሉ። ለካህኑ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ በሰላምታ መካከል፣ «አባ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ፤ ትንሽ ያዞረኛል» ብለው ያልፋሉ። «ሐኪም ዘንድ ቀርበዋል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «እርሱ የሰጠኝን እችላለሁ» ይላሉ።

እኚህ እናት የአንድ ቤት ሰው አይደሉም፤ በየሰበካው ይገኛሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ወንድ፣ ጡረተኛ፣ አስተማሪ ወይም ካቴኪስት ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው የመልሳቸውን ሁለተኛ ክፍል ነው። «እችላለሁ» ማለታቸው በእውነት ክርስቲያናዊ ትዕግሥት ነውን? ወይስ የትዕግሥትን ልብስ የለበሰ ሌላ ነገር ነው?

በእኛ ዘንድ «ቻይ» መባል ትልቅ ምስጋና ነው። የሚያቃስት ሰው ይናቃል፤ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ የሚሠራ ይከበራል። በዚህ ላይ ለዝምታው ምክንያት የሚሆኑ ነገሮች በከተማችን ሞልተዋል። ሙቀቱ አንዱ ነው፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ራስ ቢዞር ማን ይደነቃል? ቺኩንጉንያ ሁለተኛው ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ይህ ወረርሽኝ በከተማችን በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከአልጋ አውሎ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ የእጅም ሆነ የጉልበት ሕመም ሁሉ «የቺኩንጉንያ ቅሪት ነው» እየተባለ ይታለፋል። በእርግጥ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የመገጣጠሚያው ሕመም ለብዙ ወራት፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሆኖም በአንድ ክረምት የመጣ በሽታ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሕመም ሁሉ መልስ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እንመለሳለን። አራተኛውና ብዙ ጊዜ የማይነገረው ፍርሃት ነው። ሰው የበሽታውን ስም እንዳይሰማ ይፈራል፤ ስሙ ካልተጠራ በሽታው የሌለ ይመስለዋል።

ጸሐፊው ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሞች ዘወትር የሚያስተምሩትን ግን መድገም ይቻላል። ራስን የሚያዞር ነገር አንድ አይደለም። ደም ማነስ ያዞራል፤ በሙቀት ሰውነት ውኃ ሲያጣ ያዞራል፤ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ሲያሳልፍ ያዞረዋል፤ የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ሲታወክ ያዞራል፤ የልብ ምት ሲዛባ ያዞራል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ራሱ መጠኑ ሲበዛ ያዞራል። የክንድ ሕመምም እንዲሁ ነው። ከአንገት አከርካሪ አጠገብ የሚወጣ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ እስከ ጣት ይወርዳል፤ ዕድሜ ልኩን ሸክም የተሸከመ ትከሻም ያማል። ነገር ግን የልብ ሕመምም በክንድ በኩል ሊናገር ይችላል፤ በተለይ በግራ ክንድ፣ በመንጋጋ ወይም በጀርባ። በሴቶች ላይ ደግሞ ደረትን ሳያስጨንቅ በድካም፣ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ብቻ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። የደም ግፊት የተባለው ከሁሉ ዝምተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ ምንም ምልክት አይሰጥም። በዚህ ላይ በከተማችን ከቀትር በኋላ የማይታጣው ጫት የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው።

ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በአንድ ብርጭቆ ውኃ የሚታለፉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ነፍስ የሚያጠፉ ናቸው። ሁለቱም ግን በመጀመሪያ «ትንሽ ያዞረኛል» በሚል አንድ ቃል ነው የሚነገሩት። ሕመምተኛዋ በራሳቸው ጥበብ፣ ካህኑም በመንፈሳዊ ትምህርቱ ይህን ከዚያ ሊለዩት አይችሉም። ስለዚህ ሰንብቶ የማይለቅ ማዞርና የክንድ ሕመም መመርመር አለበት። ድንገት ግን ፊት ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ወይም ደረት በከባድ ጭነት እንደተጫነ ሆኖ ላብ ካሰመጠ፣ ነገሩ የነገ ወይም የሰኞ አይደለም፤ የዚያችው ሰዓት ነው። ይህን እያንዳንዱ ካቴኪስት በቃሉ ቢያውቀው አይጎዳም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጉደል ነው» የሚለው አሳብ ዛሬ በብዙ አፍ ይነገራል፤ አንዳንዶች መድኃኒት ጣሉ እስከ ማለት ይደርሳሉ። ቅዱስ መጽሐፍ ግን እንዲህ አያስተምርም። የሲራክ ልጅ ኢያሱ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር ተገቢ መሆኑን፣ ሐኪሙንም ሆነ ከምድር የሚወጣውን መድኃኒት የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስረዳል፤ ከዚያም ሕመምተኛውን በመጀመሪያ ወደ ጸሎትና ወደ ንስሐ፣ ቀጥሎም ወደ ሐኪሙ ይመራዋል። ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ ጸሎቱም ተሰማለት፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳ 38፥21)። እግዚአብሔር ያለ በለስ ማዳን ተስኖት ነበርን? ቅዱስ ጳውሎስም ብዙዎችን በተአምር የፈወሰ ሐዋርያ ሲሆን፣ ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም የመከረው የዘመኑን መድኃኒት ነው (1ጢሞ 5፥23)፤ በጉዞውም ከአጠገቡ ያልተለየው ሉቃስ ሐኪም ነበር። አንዳንዶች የሚጠቅሱት የንጉሥ አሳ ታሪክ ነው (2ዜና 16፥12)። አሳ የተወቀሰው ግን እግዚአብሔርን ትቶ በሐኪሞች ብቻ ስለታመነ እንጂ ሐኪም ስለጠየቀ አይደለም። እግዚአብሔርን እየጠራ ሐኪምን የሚንቅም ቢሆን ከዚህ ታሪክ ድጋፍ አያገኝም።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የከበደው በኤች አይ ቪ ዘመን ነበር። ጸበል የጀመሩ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ማቆም እንዳለባቸው ያምኑ ነበር፤ በዚህም ሕይወት ጠፍቷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደማይጋጭ በይፋ አስረዱ። እኛም ካቶሊካውያን ከዚህ የተለየ ትምህርት የለንም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መነሻው ሕይወት የአደራ ገንዘብ መሆኗ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2280 እኛ የሕይወታችን መጋቢዎች እንጂ ባለቤቶች አለመሆናችንን፣ በቍጥር 2288 ደግሞ ሕይወትና ጤና ከእግዚአብሔር በአደራ የተሰጡን ውድ ስጦታዎች ስለሆኑ በአግባቡ ልንጠብቃቸው እንደሚገባ ያስተምራል። አደራ የተቀበለ ሰው «የራሴ ነው፤ እንደ ወደድሁ አደርገዋለሁ» ሊል አይችልም። የቅመም ሻጯ እናት ራሳቸውን ለልጆቻቸው ሲሉ የሰወሩ ይመስላቸዋል፤ በሰውነታቸው የተቀመጠው አደራ ግን የልጆቻቸውም ነው። በድንገት ቢወድቁ የሚያስታምሙት ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ዝምታው ሌላውን ላለማስቸገር የታሰበ ሲሆን፣ ሌላውን ይበልጥ የሚያስቸግር ሆኖ ይገኛል።

«ታዲያ የመስቀል ትርጉም ወዴት ገባ? ሕመማችንን ከክርስቶስ ሕማማት ጋር አንድ ማድረግ አልተማርንም ወይ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባውም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1984 ስለ ሕማም ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የሰው ሥቃይ ከክርስቶስ ጋር ሲተባበር የማዳን ኃይል እንዳለው በጥልቀት አስተምረዋል። ነገር ግን ያው መልእክት ወደ ፍጻሜው የሚደርሰው በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ሳምራዊው በመንገድ ለወደቀው ሰው ስለ ሥቃይ ዋጋ አልሰበከለትም፤ ቍስሉን አሰረለት፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት፣ የእንግዳ ማረፊያውንም ዋጋ ከፈለ። ለእግዚአብሔር የምናቀርበው መሥዋዕት፣ ማድረግ የሚገባንን ካደረግን በኋላ የሚቀረው ሕመም ነው። በቸልተኝነት ያቆየነውን ሕመም መሥዋዕት ብሎ ማቅረብ፣ በሚመስለኝ፣ ያልተጠየቀ ስጦታ ነው።

የዚህ አገልግሎታችን መሥራች ማን እንደነበሩም ማስታወስ ይገባል። በሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት የምንገኝ ካቶሊካውያን መነሻችን እ.ኤ.አ. በ1846 የተመሠረተው የጥንቱ ቪካሪያት ነው፤ የመጀመሪያው ሐዋርያዊ ቪካርም ካፑቺናዊው ጉልዬልሞ ማሳያ ነበሩ። ሕዝቡ አቡነ መሲያስ ይላቸው ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በቶሪኖ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል መንፈሳዊ አገልግሎት ሲሰጡ ሳለ ከሐኪሞቹ ጥቂት ሕክምና ቀስመው ነበር፤ ይህም በሚስዮን ሕይወታቸው እጅግ ጠቀማቸው። ለብዙ ሕዝብ የፈንጣጣ ክትባት ከመስጠታቸው የተነሣ «የፈንጣጣ አባት» እስከ መባል ደርሰዋል። ያጠምቁና ያስተምሩ በነበሩበት እጅ ይከትቡም ነበር፤ ሁለቱ ተግባራት ይቃረናሉ ብለው አላሰቡም። ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2016 የእኚህን አባት ገድል አጽድቃለች። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ካፑቺናውያንም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፍተው በዚያ አገልግለዋል።

ሐረር ከተነሣች ዘንድ፣ ሕመሙን ችሎ ሥራውን ለመቀጠል የሞከረ አንድ ሰው ታሪክ ከዚያች ከተማ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ጎብኚዎች በስሙ የሚጠራውን ቤት ለማየት የሚመጡለት ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ነው። ቅኔን ገና በወጣትነቱ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ገብቶ ነጋዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። በየካቲት ወር ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ሕመሙን የደም ሥር ማበጥ አድርጎ በመገመት ለእግሩ የሚሆን የሚያጠብቅ ካልሲ እንዲልኩለት ለመነ፤ ከሕመሙ የተነሣ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣም ነገራቸው። ሥራውን ግን አላቆመም። መራመድ ባቃተው ጊዜ በግቢው ያለውን ሚዛን በመስኮት ለማየት በሚችልበት ቦታ አልጋውን አስዘርግቶ ንግዱን ከአልጋው ላይ ሆኖ ይመራ ነበር። ይህ ሥዕል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሕመም አልጋውን ከሱቁ ደጃፍ ያልለየ ሰው ስንቱን አይተናል!

በመጨረሻ ሸቀጡን በኪሳራ አጣርቶ ሚያዝያ 7 ቀን 1891 እ.ኤ.አ. ከሐረር ወጣ። ራሱ ንድፉን ባወጣው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውት፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጠው በዐሥራ ሁለት ቀን ገደማ ዘይላ አደረሱት፤ በመንገድም ዝናብ ያለ መጠለያ ወርዶበታል። ከዘይላ በመርከብ ወደ ኤደን፣ ከኤደን ወደ ማርሴይ ተሻገረ። በግንቦት ወር መጨረሻ እግሩን ቈረጡት፤ ኅዳር 10 ቀን እ.ኤ.አ. በ37 ዓመቱ በዚያው ከተማ ሆስፒታል ዐረፈ። በሆስፒታል ሳለ ለእኅቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጉ ተጸጽቶ፣ ሰው በሰውነቱ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይሠራ የሚያስፈልገውን ጥቂት የሕክምና ዕውቀት ለምን በትምህርት ቤት እንደማያስተምሩ በምሬት ጠይቋል።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር አለበት። የራምቦ በሽታ ካንሰር እንደነበረ ይታመናል፤ በዚያ ዘመን ቀድሞ ሐኪም ቢያየው እንኳ መዳኑ አጠራጣሪ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን «ዘግይቶ ሞተ» ብሎ ለመስበክ ማዋል ቀላልና ሐሰተኛ ትምህርት ይሆናል። የሚያስተምረን ሌላ ነው። በዚያ ወቅት ከሐረር ተነሥቶ ጥሩ ሐኪም ለመጠየቅ ዐሥራ ስድስት ሰው፣ ዐሥራ ሁለት ቀንና ባሕር ያስፈልግ ነበር። የምድር ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ገና አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማችንም ያኔ አልተቈረቈረችም። ዛሬ ከሳቢያን ወይም ከገንደ ቆሬ ተነሥቶ ድል ጮራ ሆስፒታል ለመድረስ ባጃጅ ይበቃል። ለራምቦ ታላቅ ሥራ የነበረው ለእኛ ተራ ነገር ሆኗል።

ይህ ልዩነት በሥነ ምግባር ትምህርታችን ክብደት አለው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ ተራ የሆነውን መንገድ ሁሉ መጠቀም እንዳለበት፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ግን እንደማይገደድ አስተምረዋል። ስፔናዊው ዶሚኒካዊ ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቢያዝለት እንኳ ውድ የሆነውን የዶሮ ሥጋ ለመብላት እንደማይገደድ፣ ሰው ሁሉ በሚመገበው ምግብ መኖሩ በቂ እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ተራ የሚባለው መንገድ እንደ ሰውየው፣ እንደ ቦታው፣ እንደ ዘመኑና እንደ ባህሉ የሚመዘን መሆኑን፣ በራስም ሆነ በሌላው ላይ ከባድ ሸክም የማይጭን መሆን እንዳለበት ገለጹ። እንግዲህ ለእኚያ እናት ምን ማለት ነው? የደም ግፊታቸውን መለካት፣ ደማቸውንና ስኳራቸውን ማስመርመር፣ በጤና ጣቢያ ካርድ አውጥቶ ተራ መጠበቅ ተራ መንገድ ነው፤ ግዴታም ነው። ሐኪሙ ምናልባት «አዲስ አበባ ሄደው ኤም አር አይ ይነሡ» ቢላቸውስ? 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የመኝታ፣ የአስታማሚ፣ የምርመራ ወጪ፣ የተዘጋ የገበያ መደብ አለ። እዚህ ላይ ሕሊናቸው ከቤተሰባቸውና ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ሊመዝን ነፃነት አለው። ሐኪሙ «ይህ ካልታየ ለሕይወትዎ ያሰጋል» ካላቸው ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ «ለማረጋገጥ ያህል ነው» ካላቸው ወደ ሌላው። ቤታቸውን ሸጠው ወደ ውጭ አገር ካልሄዱ ግን በእግዚአብሔር ፊት በደሉ የሚላቸው ማንም የለም፤ ልጆችም እናታቸውን ወደ ውጭ አገር አላሳከምንም ብለው ዕድሜ ልካቸውን በጸጸት ሊኖሩ አይገባም።

እስካሁን ያልነው ግን ሁሉን ሸክም በሕመምተኛዋ ላይ ጭኖ ማለፍ እንዳይሆን። ለአንዷ «ተራ» ለሌላዋ «ከአቅም በላይ» የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የእኛ አኗኗር ነው። ዕድራችንና አፎሻችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያቀርባል፣ ገንዘብ ይሰጣል፤ በዚህ እንመሰገናለን፤ መመስገንም ይገባናል። ነገር ግን ያው አባል በሕይወት ሳለ ለላቦራቶሪ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ ሲቸገር መተዳደሪያ ደንባችን የሚለው ነገር አለን? ለቀብሩ የምናወጣው ገንዘብ ሩቡ ቀድሞ ቢደርስለት ቀብሩ ራሱ ሊዘገይ ይችል ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ለመክፈል ያልቻሉ ቤተሰቦች በየሰበካው አሉ፤ የሰበካ ምክር ቤቶች በዐቢይ ጾም ከሚሰበሰበው የምጽዋት ገንዘብ ለዚህ ቢመድቡ የሚነቀፍ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ምርመራ ክፍሉ እንግባ፤ በዚያ ሌላ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይጠብቀናል። እናታችን ተራቸው ደርሶ ገቡ። ሐኪሙ «ምን ያምዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ትንሽ ያዞረኛል» አሉ። የክንዱን ሕመም ረሱት፤ ወይም ሐኪሙ የተቻኰለ መስሏቸው ተዉት። ከጎረቤት የተሰጣቸውን የደም ግፊት እንክብል አልፎ አልፎ እንደሚወስዱ፣ ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የገዙትን ማስታገሻም አብዝተው እንደሚጠቀሙ አልተናገሩም። ወንድ ቢሆኑ ደግሞ ጫቱን ይደብቃሉ። ሐኪሙም በተነገረው ልክ መድኃኒት ጽፎ ሸኛቸው፤ በሳምንቱም «ምንም አልፈየደኝም» ይባላል። እዚህ የጎደለው እውነት ነው። እውነትን መናገር ለፍርድ ቤትና ለንስሐ ብቻ የተወሰነ ግዴታ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ በሐኪም ፊትም እውነት ዕዳ ናት፤ ሐኪሙ የሚያክመው የተነገረውን ነውና።

በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ታሪክ ይህን በሚያምር ሁኔታ ያሳያል። ወንጌላዊው ስለ ሐኪሞች አያቆላምጥም፤ ብዙ ሐኪሞች እንዳሠቃዩዋት፣ ገንዘቧንም ሁሉ እንደጨረሰች፣ እንዳልተሻላትም በግልጽ ይጽፋል። በሐኪም ተስፋ የቆረጠ ሰው በወንጌል ውስጥ ቦታ አለው። ነገር ግን እርስዋ በስውር መጥታ ልብሱን ነክታ በስውር ልትመለስ ስትል ጌታችን አልተዋትም፤ ማን ነካኝ ብሎ ጠየቀ። እርስዋም እየፈራችና እየተንቀጠቀጠች ቀርባ እውነቱን በሙሉ ነገረችው። የተፈወሰችው ቀደም ብላ ነበር፤ በሰላም የተሰናበተችው ግን ከተናገረች በኋላ ነው። ሕመሟን በሕዝብ መካከል መናገር በዚያ ዘመን ሕግ ዘንድ ለእርስዋ ትልቅ ኀፍረት ነበረና፣ ድፍረቷ ከማዞርና ከክንድ ሕመም እጅግ የከበደ ነገር ለመናገር የተደረገ ድፍረት ነው።

በከተማችን ሌላም እንቅፋት አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። በአንድ ተራ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ የሚናገሩ ሰዎች ይቀመጣሉ። «ያዞረኛል»፣ «ይወጋኛል»፣ «ይደነዝዘኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል» የሚባሉት ቃላት ለሐኪም እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ይነግሩታል፤ በአስተርጓሚ አፍ ሲያልፉ ግን ሁሉም «ያማታል» ብቻ ሆነው ይቀራሉ። እዚህ ላይ ካቴኪስቶቻችን ታላቅ አገልግሎት ሊሰጡ ይችላሉ። ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቁ፣ ከሕመምተኛው ጋር ሂዱ፤ የሚላችሁን ሳታሳጥሩና ሳታሳምሩ አስተርጕሙ። ከቤት ሳትወጡ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በስንት ሰዓት እንደሚብስ፣ ምን ሲደረግ እንደሚተው፣ የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጻፉለት፤ እንክብሎቹንም ከነመያዣቸው ይያዝ። በዚያ ክፍል የሰማችሁት ግን በዚያ ክፍል ይቅር። «እገሊት እኮ ልቧን ታማለች፤ ጸልዩላት» ብሎ በማኅበር ጸሎት ላይ ማወጅ፣ ለጸሎት ተብሎ ቢደረግም፣ የሰውን ምሥጢር ማውጣት ነው። በዚህ ምክንያት ዳግመኛ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ያሉ ሰዎች አሉ።

ካህናትን በሚመለከት አንድ ልማድ መስተካከል አለበት። ምሥጢረ ቀንዲል በብዙዎቻችን ቤት የሞት ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ካህኑ ዘይቱን ይዞ ሲገባ ለቅሶ የሚጀምር ቤተሰብ አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል፤ ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 1515 ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት መቀበል ተገቢ መሆኑን፣ ሕመሙ ሲከፋም ሊደገም እንደሚችል ይናገራል። ሐዋርያው ያዕቆብም (5፥14) የታመመው ሰው ራሱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ ነው ያለው፤ ለመጥራት ደግሞ አንደበት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ በቤታችሁ ካለ፣ የምርመራ ወረቀቱንና ስንቁን ስታዘጋጁ ወደ ሰበካችሁ ካህን ሰው ላኩ። አውቶቡሱ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ ቢሆንም በዋዜማው ማታ እንመጣለን።